ያበጠ እግርን የመለካት ታሪክ፦ ከገበያ ቆጠራ እስከ ኢምፒዳንስ ቺፕ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና በኩል ሞጣ የሚያደርሰው መንገድ በስተ ምዕራብ የጮቄን ተራራ፣ በስተ ምሥራቅ የዐባይን ሸለቆ ይዞ ይጓዛል። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆሩ ሲሆኑ፣ ዙሪያቸውን ያለው መሬት በክረምት ብዙ ዝናብ የሚያገኝ፣ ከጥንት እሳተ ገሞራ ዐለት የተገኘ ሸክላማ አፈር ያለው የጤፍና የስንዴ አገር ነው። እንዲህ ያለው አፈር ዕድሜውን ሙሉ በባዶ እግሩ ሲያርስና ሲጓዝ ለኖረ ሰው የሚያመጣውን መዘዝ ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ምሥራቅ ጎጃም ይህ በሽታ በብዛት ከሚታይባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። ስለ በሽታው መንሥኤና መከላከያ ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን ከዚያ ጠበብ ያለና እምብዛም ያልተነገረለት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ያበጠ እግር እስከ ዛሬ እንዴት ሲለካ እንደ ኖረና ወደፊት በጤና ኬላ ደረጃ በምን ሊለካ እንደሚችል ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው የመለኪያ መሣሪያ ገበያ ነበር። ኦመን የተባሉት ተመራማሪ በ1969 ባሳተሙት ጥናት በ56 የኢትዮጵያ ገበያዎች የተገኘውን ሕዝብ እግር በዐይን አይተው በመቁጠር፣ ከመቶው ሰው 2.73 ያህሉ እግሩ ያበጠ መሆኑን አመለከቱ። ቀጥሎም በሥጋ ደዌ ሕክምና የታወቁት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ የበሽታውን ሥርጭት የሚያሳይ ጥናታቸውን በ1974 በኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት አወጡ። በ1976 ደግሞ እብጠቱ ከእሳተ ገሞራ ዐለት ከተገኘ አፈር ጋር ያለውን ዝምድና በጽሑፍ አሳዩ። እርሳቸውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ከሕመምተኞች ብሽሽት በተወሰዱ የሊምፍ ዕጢዎች ውስጥ ጥቃቅን የማዕድን ብናኞችን በማግኘታቸው፣ በሽታው በትንኝ ከሚተላለፈው ፊላሪያ የተለየ መሆኑ እየጠራ ሄደ።

የገበያ ቆጠራ ብልኃት እንደ ነበር አይካድም። ሰው በአንድ ቀን በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ የሚበዛው በባዶ እግሩ ነው፤ ቆጣሪው ከቤት ቤት መዞር አያስፈልገውም። ነገር ግን እግሩ ክፉኛ ያበጠና ከሰው ዐይን የሚሸሽ ሰው ገበያ አይወጣም። በሌላ በኩል ደግሞ እግሩ ውስጥ ሊምፍ መጠራቀም የጀመረ፣ ማታ ማታ ቁርጭምጭሚቱ ከበድ የሚለው፣ ሲነጋ የሚሻለው ወጣት በቆጣሪው ፊት እንደ ጤነኛ ያልፋል። በ2013 በመላ አገሪቱ 129,959 ሰዎች በየመኖሪያቸው ታይተው በተደረገው የሥርጭት ካርታ ጥናት የበሽተኞቹ መጠን 4.0 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ሁለቱ ጥናቶች በአሠራር ስለሚለያዩ ቁጥራቸውን አንድ ለአንድ ማነጻጸር አይገባም። ሆኖም ቤት ውስጥ የቀረውን ሰው የቆጠረ ጥናት ከፍ ያለ ቁጥር ማግኘቱ የሚያስገርም አይደለም።

ከቆጠራው ቀጥሎ የመጣው ልኬት ነው። በክሊኒክ ውስጥ ከልብስ ሰፊ የማይለየው የጨርቅ ሜትር ዛሬም ዋናው መሣሪያ ነው፤ ቁርጭምጭሚትና ባት ላይ ዙሪያውን ይለካሉ። እግርን ውኃ በሞላበት ገንዳ ነክሮ የፈሰሰውን ውኃ መስፈርም አለ፤ ይህ ትክክለኛ ቢሆንም ቁስል ላለበት እግር አይመችም፣ ውኃ ከምንጭ በሚቀዳበት ቀበሌም ቅንጦት ይሆናል። በ2008 ደግሞ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ያሉበት ቡድን ለፖዶኮኒዮሲስ ብቻ የተዘጋጀ ባለ አምስት እርከን የደረጃ መመደቢያ አውጥቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በቀላሉ ልትማረው የምትችል ነውና ጥሩ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ። የሁሉም ድካም ግን አንድ ነው፤ የሚለኩት የእግሩን ውጫዊ መጠን ነው። ውስጡ ያለው ውኃ ይሁን ጠባሳ አይነግሩንም።

ይህ ልዩነት ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ፕራይስ ራሳቸው ሁለት ዓይነት እብጠት እንዳለ አስተውለዋል፤ አንዱ ለስላሳ፣ በፈሳሽ የተሞላ አቁማዳ የሚመስል፣ ሁለተኛው ጠንካራና እንደ ቆዳ የደረቀ። የመጀመሪያው በመታጠብ፣ በፋሻና እግርን ከፍ አድርጎ በማሳረፍ ይቀንሳል። ሁለተኛው በዚህ መንገድ ብዙ አይቀንስም። ሁለት ሕመምተኞች በሜትር ሲለኩ እኩል 34 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባት ሊኖራቸው ይችላል፤ የሕክምናቸው ተስፋ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ሐኪሙ በጣቱ ተጭኖ መለየት ይችላል፤ ጣት ግን ቁጥር አይጽፍም፣ የዛሬውንም ከስድስት ወር በፊት ከነበረው ጋር አያነጻጽርም።

ውኃውን ከጠባሳው ለመለየት መንገዱን ያሳየው የኤሌክትሪክ ጥናት ነው። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ሩዶልፍ ሆበር ከ1910 ጀምሮ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ ቀይ የደም ሕዋሳት በዝግታ ለሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ እንደ ዝግ ዕቃ፣ እጅግ በፍጥነት ለሚለዋወጥ ግን እንደ ክፍት ዕቃ እንደሚሆኑ አሳየ። በ1925 በክሊቭላንድ ይሠራ የነበረው ሁጎ ፍሪከ ይህንኑ በስሌት አጠናቆ፣ የሕዋስ ሽፋን 3.3 ናኖ ሜትር ያህል ውፍረት እንዳለው ገመተ። የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሽፋኑን በዐይን ከማሳየቱ ብዙ ዓመታት አስቀድሞ የተገኘ ግምት መሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል። በኋላም ወንድማማቾቹ ኬኔት ኮልና ሮበርት ኮል በ1941 የሕያው አካል ጠባይ ከድግግሞሽ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ ለመግለጽ እስከ ዛሬ የሚያገለግለውን ቀመር አበረከቱ።

ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ሰውነት ለተለዋዋጭ ከረንት የሚያሳየው ጠቅላላ እንቅፋት ኢምፒዳንስ ይባላል። በሰከንድ ጥቂት ሺህ ጊዜ ብቻ የሚለዋወጥ ከረንት የሕዋስን ሽፋን ስለማይሻገር በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ብቻ ይሄዳል፤ ሊምፍ የሚጠራቀመውም በዚሁ ስፍራ ነው። በሰከንድ መቶ ሺዎች ጊዜ የሚለዋወጥ ከረንት ግን ሽፋኑን እያለፈ በውስጥም በውጭም ይጓዛል። እንግዲህ አንድን እግር በዝቅተኛና በከፍተኛ ድግግሞሽ ለክቶ ማነጻጸር ከሕዋስ ውጭ ያለው ፈሳሽ ምን ያህል እንደ ሆነ ያመለክታል። ፈሳሹ ሲበዛ ኢምፒዳንሱ ይቀንሳል። ፈረንሳዊው ቶማሴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የመላ ሰውነትን ውኃ በዚህ ዘዴ ለመገመት ሞከረ፤ በ1969 ደግሞ ሆፈርና ባልደረቦቹ የቁመት ካሬ ለኢምፒዳንስ ሲካፈል ከሰውነት ውኃ መጠን ጋር በጥብቅ እንደሚዛመድ አሳዩ።

ሕክምናው በዚህ ሲራመድ፣ ሞገዱን የሚያመነጨው መሣሪያ የራሱ ታሪክ ነበረው። በፍሪከ ዘመን ንጹሕ ሞገድ ማግኘት ብዙ ድካም ነበረው፤ የቫኩም ቱቦ የሚግል፣ ኃይል የሚበላ፣ ልኬቱም ቶሎ የሚዛባ ዕቃ ነው። በ1939 ዊሊያም ሂውሌት በተማሪነቱ በነደፈው ሞገድ አመንጪ ውስጥ ተራ አምፖል በማስገባት፣ ሞገዱ ሲበረታ አምፖሉ እየሞቀ እንዲቆጣጠረው አደረገ። የሂውሌት ፓካርድ ኩባንያ የመጀመሪያ ምርት ይኸው ነበር። ቀላልና ብልኅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን አምፖል ማሞቅ የሚችል ኃይል ይጠይቃል። ከዚያ ወዲህ ትልቁ ለውጥ በ1971 ቲርኒ፣ ሬደርና ጎልድ ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ሞገዱን በወረዳ እንደሚሸጥ ጨርቅ ከመቀጠል ይልቅ በቁጥር መጻፍ። አንድ ቆጣሪ በእኩል እርምጃ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ከተቀመጠ ሠንጠረዥ ላይ የሞገዱን ከፍታ ያነብባል፤ ያነበበውም ወደ ቮልቴጅ ይለወጣል። ድግግሞሹን መቀየር የቆጣሪውን እርምጃ መቀየር ብቻ ሆነ።

ይህ ሁሉ በአንድ ቺፕ ውስጥ ሲገባ ነው ጉዳዩ ወደ ጤና ኬላ መቅረብ የጀመረው። በ2005 አናሎግ ዲቫይስስ የተባለው ኩባንያ ሞገድ አመንጪውንና መለኪያውን በአንድነት የያዘ ኤዲ5933 የተባለ ቺፕ አወጣ፤ ከ1 እስከ 100 ኪሎ ኸርዝ ይለካል። ብዙ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የመጀመሪያ የኢምፒዳንስ መሣሪያቸውን የሠሩት በዚህ ነው። ይሁን እንጂ ለሰው አካል ተብሎ የተሠራ አልነበረም፤ የሚያወጣው ቮልቴጅ እንጂ የተወሰነ ከረንት አይደለም፣ ቀጥተኛ ቮልቴጅም የተቀላቀለበት ስለ ሆነ ከሕመምተኛ ጋር ከመገናኘቱ በፊት ሌላ ሰርኪዩት መጨመር ግድ ነው። ሲሠራም 10 ሚሊ አምፔር ያህል ይስባል። የሰዓት ባትሪ ዓይነት፣ ግን ሰፋ ያለችው ክብ ባትሪ የምትይዘው 220 ሚሊ አምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ በወረቀት ላይ ስሌቱ 22 ሰዓት ቢሰጥም እንዲህ ያለች ባትሪ ይህን ያህል ከረንት ያለ ችግር አትሰጥም።

እዚህ ላይ የቺፕ ንድፈኞች ያገኙት አንድ ብልኃት ሳይጠቀስ ሊታለፍ አይገባም። ኃይል የሚበላው ሞገዱን እንደ ሳይን ኩርባ ለስላሳ ለማድረግ የሚያስፈልገው ሠንጠረዥና ወደ ቮልቴጅ መለወጫው ነው። አራት ማዕዘን ሞገድ ግን ማብሪያ ማጥፊያ ብቻ ስለሚጠይቅ እጅግ ርካሽ ነው። ጉዳቱ በውስጡ የሦስት፣ የአምስት፣ የሰባት እጥፍ ድግግሞሾች ተደብቀው መገኘታቸው ነው። በ5 ኪሎ ኸርዝ ለካሁ ያለ ሰው ሳያውቀው በ15 ኪሎ ኸርዝም ለክቷል ማለት ነው፤ መለኪያውም አራት ማዕዘን ከሆነ የሦስተኛው እጥፍ ድርሻ አንድ ዘጠነኛ፣ ማለትም 11 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ከሕዋስ ውጭ ያለውን ውኃ ብቻ ለማየት ለሚፈልግ ሐኪም ይህ የመጀመሪያውን እብጠት ሊሸፍን የሚችል ስሕተት ነው። መፍትሔው ሦስት አራት ማዕዘን ሞገዶችን በ45 ዲግሪ አራርቆ፣ መካከለኛውን 1.41 ጊዜ አበርትቶ መደመር ነው። ሦስተኛውና አምስተኛው እጥፎች እርስ በርሳቸው ይሰረዛሉ፤ የሚቀረው ሰባተኛው በመለኪያው በኩል ሲያልፍ አንድ አርባ ዘጠነኛ፣ ወደ 2 በመቶ ያህል ይሆናል። ሠንጠረዥ የለም፤ ትልቅ ማጣሪያም የለም።

በዚህ ዓይነት መንገድ መላው መሣሪያ በ500 ማይክሮ አምፔር ቢሠራ፣ ያችው ባትሪ 440 ሰዓት ታገለግላለች። አንድ ልኬት 10 ሰከንድ ቢወስድ ከ150,000 በላይ ልኬት ነው። በየቀበሌው ካሉት ጤና ኬላዎች ብዙዎቹ አስተማማኝ መብራት የላቸውም፤ መሣሪያውን ከሶኬት ያላቀቀው ንድፈኛ ከሐኪሙ ያላነሰ ውለታ ይሠራል።

ሆኖም እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ኢምፒዳንስን ለሊምፍ እብጠት ማዋል የተጀመረው በአውስትራሊያ ነው፤ ሊ ዋርድና ባልደረቦቹ በ1992 ባሳተሙት ጥናት ጡታቸው በካንሰር ምክንያት የተቆረጠ ሴቶችን ክንድ ለኩ። አሠራሩ የታመመውን ክንድ ከጤነኛው ጋር ማነጻጸር ነው። ኋላ ለገበያ የቀረቡት መሣሪያዎችም በዚህ ሐሳብ ላይ ተመሥርተዋል። የዝሆኔ ሕመምተኛ ግን ብዙውን ጊዜ ሁለቱም እግሮቹ ታምመዋል፤ አንዱ ይብሳል እንጂ ጤነኛ የሚባል የለም። በዚያ ስሌት የተሠራ መሣሪያ ሁለት እኩል ያበጡ እግሮች ያሉትን ገበሬ ጤነኛ ነህ ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። ስለዚህ እግርን ከእግር ሳይሆን ከክንድ ጋር ማነጻጸር ይገባል፤ ክንድ ከአፈሩ የራቀ ነውና።

ሁለተኛው ፈተና ቆዳው ነው። በሽታው ሲጸና የእግር ቆዳ ይወፍራል፣ ይሻክራል፣ የሽበት የሚመስል ነገር ያበቅላል። ኤሌክትሮድ የሚለጠፈው ደግሞ በእግር ጀርባና በቁርጭምጭሚት አጠገብ፣ ማለትም ቆዳው ይበልጥ በተጎዳበት ስፍራ ነው። አራት ኤሌክትሮዶችን መጠቀም፣ ሁለቱ ከረንት እንዲያስገቡ ሁለቱ ቮልቴጅ እንዲያነብቡ ማድረግ፣ የቆዳውን እንቅፋት ከንባቡ ያስወጣዋል። ከረንት አመንጪውን ግን አያድነውም። ለምሳሌ ያህል እያንዳንዱ የቆዳ ግንኙነት 10,000 ኦም እንቅፋት ቢኖረው፣ 100 ማይክሮ አምፔር ለማስገባት ለሁለቱ ግንኙነቶች ብቻ 2 ቮልት ያስፈልጋል። ኃይል ለመቆጠብ በ1.8 ቮልት እንዲሠራ የተነደፈ ቺፕ ይህን ከየት ያመጣል? ከረንቱን ወደ 10 ማይክሮ አምፔር ቢያወርደው ግንኙነቱ የሚጠይቀው 0.2 ቮልት ብቻ ይሆናል፤ ነገር ግን 250 ኦም ያህል ኢምፒዳንስ ካለው እግር የሚነበበው ምልክት ከ25 ሚሊ ቮልት ወደ 2.5 ሚሊ ቮልት ይወርዳል። የከፋው ደግሞ የደረቀ ቆዳ እንቅፋት ይበልጥ የሚበረታው በዝቅተኛ ድግግሞሽ፣ ማለትም ሊምፉ በሚታይበት ክልል መሆኑ ነው። በሌላ በኩል ከረንቱን እንደ ልብ ማሳደግ አይቻልም። ዓለም አቀፉ የሕክምና መሣሪያዎች ደረጃ እስከ 1 ኪሎ ኸርዝ ድረስ 100 ማይክሮ አምፔርን ወሰን አድርጎ፣ ከዚያ በላይ ከድግግሞሹ ጋር እንዲያድግ ይፈቅዳል። ለስላሳ ቆዳ ላለው የከተማ ሰው የተነደፈ የእጅ ሰዓት መሰል መሣሪያ ያለ ለውጥ ወደ ቢቸና ቢመጣ፣ የሚሳነው ይበልጥ በሚያስፈልገው ሕመምተኛ ላይ ነው።

ሦስተኛውን አስቀድሜ ነክቼዋለሁ። ፈሳሽ ሲቀንስ ኢምፒዳንስ ይጨምራል፤ ሐኪሙም ተሻለው ይላል። ነገር ግን ፈሳሹ በጠባሳ ሲተካም ንባቡ ወደዚያው አቅጣጫ ሊሄድ ይችላል። ብቻውን የተነበበ ኢምፒዳንስ እየደነደነ የሚሄደውን እግር እየዳነ ነው ሊል ይችላል። በመሆኑም የጨርቅ ሜትሩን ከመሳቢያ ማውጣት እንጂ መጣል አይገባም፤ ዙሪያው ሳይቀንስ ኢምፒዳንሱ ቢጨምር ለጥርጣሬ በቂ ምክንያት ነው።

ዘዴው በአገራችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በጅማ በከባድ የምግብ እጥረት የታመሙ ሕፃናት የሰውነት ውኃ በኢምፒዳንስ ተለክቶ፣ የእብጠት መኖር በልኬቱ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ተመርምሯል፤ ውጤቱም በ2016 ታትሟል። በምያንማር ደግሞ በ2010ዎቹ ፊላሪያ በደማቸው የተገኘ፣ እግራቸው ግን ገና ያላበጠ ወጣቶች በዚሁ ዘዴ ተለክተው ነበር። ለእኛ ትልቁን ተስፋ የሚሰጠው ይህ ሁለተኛው ነው። እብጠቱ ለዐይን ከመታየቱ በፊት ቢታወቅ ጫማና ሳሙና ብቻ ብዙ ሊሠሩ ይችላሉ።

ጫማና ሳሙና ምን ያህል እንደሚሠሩ ደግሞ ከቢቸና ብዙም በማይርቀው በአነደድ ወረዳ ተፈትኗል። በ2018 ውጤቱ በታተመው የምሥራቅ ጎጃም ሙከራ 696 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ወገን ወዲያውኑ የእግር እጥበት፣ የቆዳ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ አገኘ፤ ሌላው ከ12 ወር በኋላ እንዲያገኝ ተደረገ። ትኩሳትና ከባድ ሕመም ይዞ የሚነሣው የእግር ብግነት በሕክምናው ወገን በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ፣ በሌላው 23.9 ጊዜ ሆነ። ልዩነቱ አንድ አምስተኛ ገደማ ነው። ነገር ግን ሕክምና ያገኘውም ሰው በዓመት ወደ ሃያ ጊዜ ይተኛል፤ ይህን ቁጥር ያነበበ ሐኪም በእርሻ ወቅት አሥራ ዘጠኝ ጊዜ መተኛት ለአንድ ቤተሰብ ምን ማለት እንደ ሆነ ማሰብ አያቅተውም። እግሩ ከደነደነ በኋላ የሚጀመር ሕክምና ወሰን አለው።

በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም የአፈር ናሙና ተወስዶ በተደረገ፣ በ2014 በታተመ ጥናት በሽታው በአፈሩ ውስጥ ካሉ ስሜክታይት፣ ሚካና ኳርትዝ ከተባሉ ማዕድናት ጋር ተዛምዶ ተገኝቷል። በ2012 የወጣው ሌላ ጥናት ደግሞ በወላይታ ሕመምተኞች ላይ ከበሽታ መከላከያ ጋር የተያያዙ ጂኖች ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። ስለዚህ በአንድ ማሳ ላይ ከሚያርሱ ወንድማማቾች አንዱ ሲታመም ሌላው ሊድን ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ የሚነግር ግን ከውጭ የሚታይ ምልክት የለም። የኢምፒዳንስ ልኬት ለዚህ እንዲያገለግል በመጀመሪያ የሚያስፈልገው አዲስ ቺፕ አይደለም፤ በዚሁ ደጋ የሚኖሩ፣ ጫማ የሚያደርጉና የማያደርጉ ጤነኛ ወጣቶች የእግርና የክንድ ንጽጽር ስንት እንደ ሆነ ለክቶ መመዝገብ ነው። በአውስትራሊያ ሴቶች ክንድ ላይ የተገኘው ወሰን ለሞጣ አራሽ እግር ሊውል አይችልም። ይህን ለመሥራት ለአንድ ነርስ በቀን ሃያ ሰው መለካት፣ አራት ኤሌክትሮድ፣ ደረቁን ቆዳ በለብ ያለ ውኃ ለማለስለስ ጥቂት ደቂቃ፣ አንድ መዝገብና ያች የሰዓት ባትሪ ይበቃሉ።